ጁዋን ለምን ይቃጠላል?

ቤይሩት ዳር ደክዋኔ በሚገኘው ጋራዥ የመጀመሪያ ቀኔ፣ ገና መጥረጊያ ይዤ ወለሉን ማጠብ ስጀምር፣ አንድ ወጣት ከመንገድ እየሮጠ ገብቶ «ሙዓለም! ጁዋን ተቃጠለ!» ብሎ ጮኸ።

ሰው ተቃጠለ ሲባል ቆሞ የሚያይ የለም። የሳሙና ውሃ የሞላውን ባልዲ አንስቼ ወጣሁ። ከበሩ ፊት አንድ ረጅም ጥቁር የአሜሪካ መኪና ኮፋኖው ተከፍቶ ነጭ እንፋሎት ይተፋል።

«ጁዋን የታለ?» አልኩት ወጣቱን።

«ሞተሩ ውስጥ!»

«ሞተሩ ውስጥ? በኢየሱስ ስም!»

ባልዲውን ልደፋ ስል የጋራዡ ባለቤት ሙዓለም ኤሊያስ ከኋላ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። «ላ፣ ላ! በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ? ልትገድዪው ነው?»

«ሰውዬው ውስጥ ነው እኮ!» አልኳቸው።

እንዴት እንደገባኝ ሲረዱ በሳቅ ፈርሰው አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ጁዋን ሰው አልነበረም። እኛ የቴስታታ ጋስኬት የምንለውን፣ በሞተሩ ገላ በሞኖብሎኩና በላዩ ክዳን በቴስታታው መካከል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ ሊባኖሶች ከፈረንሳይኛ ወስደው ጁዋን ይሉታል።

«ይሄማ ጋስኬት ነው! እኔኮ መካኒክ ነኝ» አልኩ። ያን ጊዜ ሳቃቸውን አቆሙ።

የኔ ነገር አጭር ነው። አዳማ አውቶ መካኒክ ተምሬ፣ የጭነት መኪና ጋራዥ ጥቂት ሠርቼ፣ ከዚያ እንደ ብዙ እህቶቼ ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ሄድኩ። አሽራፊዬ በሚባል ሰፈር ማዳም ኢቬት የሚባሉ ሴት ቤት ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ማዳሜ ካናዳ ያለች ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ሲነሡ የሥራና የመኖሪያ ወረቀቴን ወደ ወንድማቸው ወደ ሙዓለም ኤሊያስ አዛወሩት። ሙዓለም ማለት የሙያ አለቃ፣ ሲት ማለት ደግሞ እመቤት ማለት ነው። ሚስታቸው ሲት ሳሚራ ኩሽናቸው ውስጥ ሌላ ሴት እንድትገባ ስላልፈለጉ «ጋራዡን ታጽዳ» ተባለ። ወረቀቴ ግን እስከ መጨረሻው «የቤት ሠራተኛ» እንዳለ ነው። ዘውዲቱ የሚለው ስሜም ለምላሳቸው ስለከበደ በዚያው ቀን ዙዙ ሆንኩ።

«መካኒክ?» አሉኝ ሙዓለም በሰማያዊ ዓይኖቻቸው እያዩኝ። «ዋላ? እውነት? ያላ፣ እንይሻ።»

ጥግ ላይ የተጣለ አሮጌ ሞተር ነበር። የቴስታታውን ብሎን አጥብቂ አሉኝ። እኔም እንደለመድኩት ረጅም ቱቦ ፈልጌ የኪያቤው እጀታ ላይ ሰካሁ፤ አንድ እግሬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ተንጠለጠልኩበት። አዳማ እኛ ጋራዥ ብሎን በቃው የሚባለው የሚያጠብቀው ሰው ሲያቃስት ነበር። ብሎኑ ጧ ብሎ ተበጠሰ። እኔ ደግሞ የራሴ ባልዲ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ሙዓለም አልተቆጡም። እጃቸውን ሰጥተው አወጡኝና «ያኒ፣ ጠንካራ ነሽ። መካኒክነቱን ግን ገና እናያለን» አሉኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ መጥረጊያው እንዳለ ሆኖ ቶርክ ኪያቤ አያያዝ አስተማሩኝ። ይህ ኪያቤ ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል፤ ቀጭ ካለ በኋላ አንዲት ጸጉር ታህል መጨመር ክልክል ነው። «የብሎን ሥራ መጥበቅ አይደለም» ይሉ ነበር። «እኩል መጥበቅ ነው። አንዱ ጠብቆ ሌላው ከላላ ቴስታታው ይጣመማል፤ እሳቱም በላላው በኩል ይወጣል።»

ያን ቀን እየሮጠ የገባው ወጣት ፋዲ ይባላል። ጃል ኤል ዲብ የአበባ ሱቅ አለው። ቀን ቀን ጽጌረዳ በሪባን ያስራል። እሑድ እሑድ ደግሞ ያንን ጥቁር መኪና ይዞ የተራራ ሽቅብ ውድድር ይገባል። መኪናው ስምንት ሲሊንደር ነው። ፋዲ ይህ አልበቃው ብሎ ሌላ ቦታ ሲሊንደሮቹን አስቦርቡሮ ሰፊ ፒስተን አስገብቶበት ነበር። ሲነሣ የመንገዱ መስኮቶች ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ። የኋላ ወንበሩ ግን ሁልጊዜ የአበባ ቅጠል የተበተነበት ስለሆነ፣ እየጮኸ ሲያልፍ የጽጌረዳ ሽታ ይተዋል።

ሲሊንደሩ የሰፋ ሞተር ችግሩ ይህ ነው። ሲሊንደሩ በሰፋ ቁጥር በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ግድግዳ ይሳሳል። እዚያ ላይ ጋስኬቱ የሚያርፍበት ቦታ ከጣት አይሰፋም። ፍንዳታው ደግሞ በሰፊ ፒስተን ላይ ስለሆነ ቴስታታውን ወደ ላይ ሊያነሣው ይታገላል። ጋስኬቱ በዚህ መሀል ሆኖ እሳቱን፣ ውሃውንና ዘይቱን ማለያየት አለበት። ከተሸነፈ ዘይትና ውሃ ይቀላቀላሉ።

የፋዲን ቴስታታ ስናነሣ ምክንያቱ ወዲያው ታየ። ሲሊንደሩን ያሰፉት ሰዎች የገጠሙት ጋስኬት ለድሮው ጠባብ ሲሊንደር የተሠራ ነው። ቀዳዳው ከሲሊንደሩ ስለሚጠብ ጠርዙ ወደ እሳቱ ገብቶ ተንጠልጥሏል። እንደ ከሰል ግሎ ተበልቶ አልቋል።

«ሸሚዝህን ካንተ ለቀጠነ ሰው ለክተህ ገዛህ» አሉት ሙዓለም። ቀዳዳው ከሲሊንደሩ ትንሽ የሚሰፋ ጋስኬት አስመጥተው ገጠሙለት። ፋዲ ሙዓለምን ስሞ፣ ለእኔ አንድ ዘለላ ነጭ አበባ ሰጥቶ እያገሳ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ በገመድ ተጎትቶ ተመለሰ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስመዝ ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ሙዓለም ዘንጉን ከእጄ ወስደው አዩት፣ አሸተቱት።

እንደገና ፈታን። ሙዓለም የሞኖብሎኩን ፊት በቀጥታ ማስመሪያ ለኩት፤ ከሥሩ ስስ የብረት ምላስ እያስገቡ ክፍተት ፈለጉ። ሜዳ ነው። ቴስታታውም ሜዳ ነው። ሁሉም ደህና ነው። ሌላ ጋስኬት ገጠምን፤ ያም ተቃጠለ።

በሦስተኛው ጊዜ ፋዲ አበባ አላመጣም። መንገዱ መሀል ቆሞ፣ ጎረቤቶቻችን ጎማ ጠጋኙና አሉሚኒየም በያጁ እየሰሙ፣ «ሙዓለም፣ አንተ የምትገጥመው ጋስኬት ነው ወይስ ጋዜጣ? እህቴ ሪታ ልታገባ ነው! በዚህ መኪና ቤተ ክርስቲያን ላደርሳት ቃል ገብቻለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ሙዓለም ፂም አላቸው። ከከንፈራቸው በላይ ሆኖ በሁለቱም በኩል የተጠማዘዘ፣ ከትዳራቸው የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ፂም ነው። በዚያ አገር ወንድ በፂሙ ከማለ ነገሩ አልቋል። ጫፉን በሁለት ጣታቸው ያዙና «እህትህ ቤተ ክርስቲያን ሳትደርስ ጋስኬቴ ከተቃጠለ ይህንን እላጫለሁ!» አሉ።

ጎማ ጠጋኙ «አላህ!» አለ።

ቀልድ ቢመስልም ለእኛ ቀልድ አልነበረም። ወሬው ከደክዋኔ ዶራ በሚመላለሱት ቫኖች ሳይቀር ተነዛ። ሞተር ሊያስገቡ የነበሩ ሰዎች ሌላ ጋራዥ መሄድ ጀመሩ። የጋራዥ ንብረቱ ስሙ ነው። ያ ጋራዥ ከተዘጋ ደግሞ እኔ ኪያቤዬን አስቀምጬ የማላውቀው ሰው ቤት ድስት ላጥብ ነው።

ስለዚህ እሑድ በምንሰበሰብበት የኪራይ አዳራሽ የጸሎት ርዕስ ያላችሁ ሲባል እጄን አወጣሁ። በጭንቀቴ በአማርኛ ማሰብ ትቼ «ጁዋን እንዳይቃጠል ጸልዩልኝ» አልኩ።

የጸሎት መሪያችን እህት ወይንሸት ፊቷ ተለወጠ። «ጁዋን ጌታን ያውቃል?» አለችኝ።

«ኧረ እሱ ብረት ነው!»

«ልቡ ብረት የሆነ!» አለች ወደ ጉባኤው ዞራ። «እህቶች፣ ጁዋን የሚባል ልበ ብረት ሰው ከዘላለም እሳት እንዲያመልጥ እንጩህ!»

አዳራሹ ተናወጠ። ከፊቴ ያለችው ልጅ በእንባ እየታጠበች ጁዋንን ለጌታ ሰጠችው። ላስረዳ ብሞክር የሚሰማኝ አልነበረም፤ ወይንሸት ጭንቅላቴን ይዛ «አንቺንም ከእሱ ይፍታሽ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ለወራት እህቶች እየደወሉ «ያ ሰውዬ እንዴት ሆነልሽ?» ይሉኝ ነበር። እኔም በመጨረሻ ደክሞኝ «ጠብቋል» እል ነበር።

አራተኛውን ጋስኬት ስንገጥም ሙዓለም ሬዲዮ አስዘጉ። ይህኛው በስስ ብረት ላይ ብረት እየተደረበ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ፊቱ በደንብ የለሰለሰ ሞኖብሎክ ይፈልጋል፤ ጭረት አይችልም። ስለዚህ ሁለቱንም ፊት አሠርተን አለሰለስን። እኔ የብሎን ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አጸዳሁ። ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይ ውሃ ከቀረ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ ያጣና ሞኖብሎኩን ይሰነጥቀዋል፤ ወይም ኪያቤው ሳይጠብቅ ጠብቋል ብሎ ይዋሻል። በብሎን ፋንታ ወፍራም ዘንግና ዳዶ አስገባን። ከመሀል ጀምረን ወደ ዳር እየዞርን፣ መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ ጠንከር፣ በመጨረሻ እስከ ልኩ አጠበቅን። ቀጭ ባለ ቁጥር ሙዓለም ፂማቸውን ይነካሉ።

«አሁን ምልክት ያስፈልገናል» አሉ ሲያበቃ። «ማንም ሰው አንዱን ነገር ቢነካው የምናውቅበት።»

«የጥፍር ቀለም» አልኳቸው። «በብሎኑና በብረቱ ላይ አንድ መስመር ይሰመርበታል። ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ይሰበራል።»

ሊገዙ ራሳቸው ሄዱ። ሻጯ ለሚስታቸው ምን ዓይነት ቀለም እንደሚስማማቸው ስትጠይቅ «ለማዳም አይደለም። ለሞተር ነው። ሙቀት የሚችል ካለሽ» አሏት። ሻጯ የተናገሩትን ለሰፈር አዳረሰችው። እኛ ግን በደማቅ ቀይ እያንዳንዱን ዳዶ ቀባን። ለእሳት መነሻ ጊዜ የሚሰጠውን ዲስትሪቢውተርም ከእግሩ ሥር ቀባሁት። ሙዓለም ፋዲን ጠርተው «ይህንን እንዳትነካ። ወደፊት ካዞርከው እሳቱ ያለ ጊዜው ይነሣና ፒስተኑን በመዶሻ እንደመምታት ነው» አሉት። ፋዲ በእናቱ ማለ።

ሠርጉ የተቆረጠው ለመኸር ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ መንግሥትን ተቃውሞ አደባባይ ወጥቶ መንገዶች ተዘጉ። ብዙ ሰው ሠርጉን አራዘመ። የፋዲ እናት ሲት ናዲያ ግን እንቢ አሉ። «ልጄ በስንት መከራ እሺ ያለ ሰው አግኝታ፣ መንገድ ተዘጋ ብዬ ልመልሰው?»

ሙዓለም ውሳኔ ሰጡ፤ «ዙዙ መኪናው ውስጥ ትሆናለች። ዓይኗን ከሙቀት መለኪያው አታነሣም። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እጠብቃለሁ።» ሪታ አንድ ቢጫ ቀሚስ አዋሰችኝ። በእጅ ቦርሳዬ ኪያቤ፣ ካቻቢቴና የእጅ ባትሪ፣ በእግሬ ሥር የውሃ ጀሪካን ይዤ ከሙሽራይቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሲት ናዲያ «የቬሎውን ጭራም እሷ ትይዛለች» አሉ። ሙዓለም ጋ ከመጣሁ ወዲህ ወረቀቴ ላይ ያለውን ሥራ የሠራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከጃል ኤል ዲብ ተነሥተን ወደ አሽራፊዬ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ነው። ገና አውራ መንገዱ ላይ ስንወጣ ጎማ ተደርድሮ፣ ባንዲራ ተይዞ፣ ወጣቶች ከበሮ እየመቱ ይጨፍራሉ። ቆምን። ከፊታችንም ከኋላችንም መኪና ነው።

የሙቀቱ ቀስት መውጣት ጀመረ።

«ጌታው ፋዲ፣ ሞተሩን አጥፋ» አልኩት።

«ካጠፋሁት ሰው ምን ይላል? ሙሽራ ይዘን!»

«ፂሙ!» ብዬ ጮህኩ። ሙሽራይቱ ሳትቀር ደነገጠች። አጠፋው።

ቢጫ ቀሚሴን ሰብስቤ ወረድኩ፤ ኮፋኖውን ከፈትኩ። ከሞተሩ የሚወጣው ግለት ፊቴን መታኝ። መጀመሪያ ያየሁት ዳዶዎቹን ነው፤ ሁሉም ቀይ መስመራቸው አልተነካም። ቀጥሎ ዲስትሪቢውተሩን አየሁ። መስመሩ ተሰብሯል። ላዩ የአውራ ጣት ያህል ዞሯል።

«ፋዲ!»

«ትንሽ ነው» አለ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ። «ለሠርጉ ድምፁ እንዲያምር ብዬ።»

«በእናትህ አልማልክም?»

«ይኸው ደህና አብራን አለች፤ አይቆጠርም» አለ። ሲት ናዲያ በቦርሳቸው አናቱን መቱት።

በጨርቅ ይዤ ዲስትሪቢውተሩን ወደ መስመሩ መለስኩት። ግን ልቤ አላረፈም። እንዲህ ያለ ሙቀት ከዚህ ብቻ አይመጣም። ባትሪዬን አብርቼ ወደ ራዲያተሩ ጎንበስ አልኩ። ከፊት ፍርግርግ ኋላ ሆኖ አንድ ነገር አፍጥጦ አየኝ።

ዓይን ነው። የሳህን ያህል ስፋት ያለው ሰማያዊ የመስታወት ዓይን። አጠገቡ ሌላ አለ። ከሥሩ ሌላ። በሽቦ ተያይዘው የራዲያተሩን ፊት ሸፍነውታል። ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ጨርሶ አልቀረም።

«ይህን ማን አደረገው?» አልኩ።

ፋዲ ወርዶ አየና አፉን ከፈተ። እሱም አያውቅም። ሁለታችንም ወደ መኪናው ዞርን። ሲት ናዲያ ሰማዩን ያያሉ።

«ቡዳ ነው የበላው» አሉ በመጨረሻ። ቃላቸው ሌላ ነው፣ ነገሩ ግን የእኛው ቡዳ ነው። «እንዲህ ያለ መኪና የሰው ዓይን አይለቀውም። የመጀመሪያው ጁዋን የተቃጠለ ጊዜ ቡዳ የሚመልሰውን ይህን ዓይን አንድ አደረግኩለት። ሲደገም ለካ አልበቃውም ብዬ ጨመርኩ። ለዛሬ ደግሞ ትልልቆቹን ገዛሁ።»

«ጋራዥ ሲመጣስ ለምን አላየናቸውም?»

«ወደ እናንተ ሲላክ አወልቃቸዋለሁ። የሙዓለምሽን ዓይን አላየሽም? ሰማያዊ! የሰማያዊ ዓይን ቡዳ ከሁሉ ይከፋል፤ እሱ ቢያያቸው ሁሉም ይሰነጠቁ ነበር።»

እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ጋስኬቱ ሲቃጠል እናት ዓይን ይጨምራሉ፤ ዓይን ሲጨመር ሞተሩ ይግላል። ሞተሩ ሲደክም ልጅ ዲስትሪቢውተሩን ያዞራል። ከዚያ ይቃጠላል፤ ሙዓለምና እኔም አዲስ ገጥመን ወደነዚህ ሁለቱ እንመልሰዋለን።

«ሲት ናዲያ፣ መውጣት አለባቸው» አልኩ።

«ሬሳዬ ላይ ተራምዳችሁ ካልሆነ። ዛሬ? ልጄ ሙሽራ ሆና?»

«በኛም አገር ቡዳ አለ። ግን መከላከያው ራዲያተር ላይ አይታሰርም።»

«ታዲያ የት ነው የሚታሰረው?»

ምን ልበል? «አንገት ላይ» አልኩ።

ዙሪያችንን ሰልፈኞች ከበውናል። አንዱ አዛኝ የቀዘቀዘ ውሃ በጠርሙስ ይዞ መጥቶ ሞተሩ ላይ ሊያፈስ ሲል እጁን ያዝኩት። «ላ! ቴስታታው ይጣመማል!» አልኩት፤ የመጀመሪያ ቀኔ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ። ውሃውን ለሙሽራይቱ ሰጠኋት፤ በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው።

ፀጉሩን ያስረዘመ አንድ ረጅም ሰልፈኛ ክርክሩን ሲሰማ ቆይቶ «ኻላቲ፣ አክስቴ፣ ለእኔ ስጪኝ» አላቸው ሲት ናዲያን። «አንገቴ ላይ አድርጌ ከመኪናው ፊት እሄዳለሁ። የማንም ዓይን መጀመሪያ እኔን ይበላል።»

ሲት ናዲያ ከእግር እስከ ራሱ ገመገሙት። «ትልቅ ነህ» አሉ። «ትበቃለህ።»

ሽቦውን ፈታሁና ዓይኖቹን አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ጎማዎቹ ለሙሽራ ገለል ተደረጉ። ሞተሩ እንዲያርፍ ማንም እንዳያስነሣው አልኩ። ወጣቶቹ ከኋላ ሆነው መግፋት ጀመሩ። ከፊት ረጅሙ ልጅ በደረቱ ሙሉ ሰማያዊ ዓይን እያፈጠጠ እንደ ጳጳስ ይራመዳል፤ ከበሮው ይመታል፤ ሪታ በመስኮት ባንዲራ ታውለበልባለች፤ እኔ በቢጫ ቀሚስ ኪያቤ ይዤ ከጎን እሮጣለሁ። ድምፁ እንዲያምር ብሎ ዲስትሪቢውተር ያዞረው ፋዲ ድምፅ በሌለው መኪና መሪ ይዞ ቁጭ ብሏል።

ከእገዳው ስናልፍ ሞተሩ በርዶ ነበር። የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ቀስ አድርጌ ከፍቼ ውሃ ጨመርኩ። ተነሣ። ወደ አሽራፊዬ ዳገቱን ስንወጣ ሁላችንም፣ ሙሽራይቱም ጭምር፣ የሙቀቱን ቀስት ነበር የምናየው። ቀስቱ መሀል ላይ ቆሞ አልነቃነቅም አለ። ነፋስ ሲያገኝ ያ ሞተር እንደ በግ ገራም ነበር።

ሙዓለም በሙሉ ልብስና በክራባት በሩ ላይ ቆመዋል። ሙሽራይቱን አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ ኮፋኖው መጥተው የዘይቱን ዘንግ መዘዙ። ዘይቱ ንጹሕ ነው። ዘንጉን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አዩትና ሳሙት። ከከንፈራቸውና ከፂማቸው ዘይቱ ሳይጠረግ የሠርጉ ፎቶ ላይ ገቡ።

በማግስቱ መንገዳችን ላይ ችሎት ተሰየመ። ጎማ ጠጋኙ «መኪናው የተገፋው በሰው ነው። ጋስኬቱ አላደረሳትም» አለ። አሉሚኒየም በያጁ «መሐላው ካልተቃጠለ ነው፤ አልተቃጠለም» አለ። ፋዲ ሁለቱንም ለማስታረቅ «ግማሹን መንገድ ስለተገፋ ግማሹን ይላጭ» አለ። ሲጨቃጨቁ ሲት ሳሚራ፣ የሙዓለም ሚስት፣ ምሳ ይዘው መጡ። ነገሩን ሰሙ። ምሳውን አስቀምጠው ከጋራዡ ጠረጴዛ የጋስኬት ወረቀት የምንቆርጥበትን መቀስ አነሡ።

«እኔ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር በሾርባዬ ሲነከር አይቻለሁ» አሉ። «ኸላስ፣ በቃ።»

ሙዓለም አልሮጡም። ዓይናቸውን ጨፍነው አገጫቸውን አቀረቡ። ሲያበቁ ፊታቸውን በቅባት እጃቸው ዳሰሱትና «ያኒ፣ ነፋስ ገባው» አሉ።

ሥራው ተመለሰ። የሚመጣው ሰው ግማሹ ሞተር ሊያሠራ፣ ግማሹ ፊታቸውን ሊያይ ነበር። ጋራዡ ውስጥም አንድ ነገር ተለወጠ። ሙዓለም ደንበኛ ሲመጣ ኪያቤ ከማንሣታቸው በፊት «ዙዙ፣ ማን ምን እንደነካ ጠይቂ» ይሉኝ ጀመር።

ብርዱ ሲገባ መብራት መጥፋት በረታ፤ የሩጫ መኪና የሚያሠራ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የመንገዳችን ሕንጻዎች በሙሉ የሚጠቀሙበት ትልቁ ጄኔሬተር ጋስኬቱ ተቃጠለ። ሰፈሩ ጨለመ። ሰው በየበረንዳው ወጥቶ ይጮኻል። ከሁሉ በላይ የሚጮኹት ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ናቸው፤ «ቀይሩት! በቶሎ ቀይሩት!» ይላሉ። የጄኔሬተሩ ባለቤት አዲስ ጋስኬት በእጁ ይዞ ይንቆራጠጣል። «ያላ ዙዙ፣ ግጠሚው» አለኝ።

«ከመቃጠሉ በፊት ማን ምን ነካ?» አልኩ።

«ማንም ምንም።»

«ምንም?»

«ብርድ ልብስ ብቻ አለበስኩት» አለ። «ድምፁ በዛ ብለው ሲከሱኝ፣ ጎን ለጎኑን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። በጣም ጸጥ አለ።»

«ማን ነው የከሰሰህ?»

ቀና ብሎ በጣቱ አመለከተ። ፎቅ ላይ ያሉት ጡረተኛ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ገቡና የበረንዳቸውን በር ዘጉ።

ብርድ ልብሱን ገፈፍን፤ ቴስታታውን ፈታን፤ ለካን፤ አጸዳን፤ ከመሀል ወደ ዳር አጠበቅን። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ መብራት መጣ። ድምፁ እንደ ድሮው ጆሮ ይበጥሳል። ማንም አልከሰሰም።

አሁን አዳማ በራሴ ጋራዥ እሠራለሁ። ሙያውን ለጀመራችሁ የምለው ይህን ነው። ጋስኬት በራሱ ጊዜ አይቃጠልም። ያቃጠለውን ሳታገኙ አዲስ አትግጠሙ።